በጉዞ ቀን የማይዋጥ ክኒን

ሞርቪድ የአባቷን ክንድ ይዛ በባሕሩ ዳር መንገድ ጫፍ ካለው የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ስትደርስ፣ አንድ ረጅም ወጣት የብረት በሩን እጀታ ይዞ ሲነቀንቅ አገኘች። በሩ ፍንክች አላለም። ወጣቱ ተስፋ ቆርጦ ዞር ሲል ከሽማግሌው ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ።

«በከንቱ ነው የመጡት አባት» አለ። «እስከ ፋሲካ ዝግ ነው የሚል ወረቀት ለጥፈውበታል።»

ሽማግሌው የሚያዩት ወረቀቱን ሳይሆን የወጣቱን ፊት ነበር። «ይህን አፍንጫ አውቀዋለሁ» አሉ። «የግዌኒት አፍንጫ ነው። የግዌኒት ልጅ አይደለህም?»

«ነኝ። ቴጊድ እባላለሁ። እርስዎ ደግሞ ጋሽ ኤምሪስ ነዎት። እናቴ መንዳት ያስተማሯትን ሰው ፎቶ ሳሎን ሰቅላለች፤ ጢምዎ ነው የጠፋው እንጂ ሌላው እንዳለ ነው።»

ኤምሪስ የሥራ ዘመናቸውን በሙሉ ከዌልስ ሸለቆ መንደሮች ወደ አበርሞይል የባሕር ዳርቻ የሚመላለስ አውቶቡስ ነድተዋል። ጡረታ ከወጡ በኋላም፣ ሚስታቸው ከሞቱ በኋላም፣ በየዓመቱ በመስከረም አንድ ሳምንት ከልጃቸው ጋር ካራቫን የሚባል ተጎታች ቤት ተከራይተው እዚያው ይሰነብታሉ። የቴጊድ እናት በአንድ መናኸሪያ አብራቸው የሠራች ሹፌር ናት። ልጇ በፋርማሲ ትምህርት የመጨረሻው ዓመት ላይ ደርሷል፤ በከተማው ሆስፒታል ለልምምድ ተመድቦ፣ የዕረፍት ቀኑ ስለሆነ ባሕር ሊያይ ወጥቶ ነው።

«ለመሆኑ አንተስ ቸኩለህ ነበር?» አሉት ኤምሪስ ወደ በሩ በአገጫቸው እያመለከቱ።

«ትንሽ። እርስዎስ?»

«እኔ ምንም አልፈልግም። እሷ ናት» አሉ ወደ ልጃቸው። «እኔ ከጠዋት ጀምሮ አንዴም መጸዳጃ ቤት አልገባሁም።» ይህን የተናገሩት በውድድር እንዳሸነፈ ሰው ኮራ ብለው ነበር።

ሞርቪድ ክፉ ነገር ሳይደርስ ቀድሞ የሚታያት ሴት ነች። ልጇ ለትምህርት ከቤት ከወጣች ወዲህ ስልክ በጮኸ ቁጥር የሆስፒታል ጥሪ ነው ብላ ነው የምታነሳው። ሰማይ ሲጠቁር ጎርፍ፣ ሰው ሲያስል የሳንባ ምች ይታያታል። ስለዚህ ቤተሰቡ ፍርሃቷን ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ እሷም ብትሆን ለራሷ ፍርሃት የምትሰጠው ግምት እየቀነሰ መጥቷል። በዚህ ሳምንት አባቷ የጫማቸውን ክር ፈትተው መሄዳቸውን አይታለች። ቁርጭምጭሚታቸው አብጦ ካልሲው ላይ ፈስሷል። ከአልጋው ወርደው ወንበር ላይ ቁጭ ብለው እንደሚተኙም አይታለች። ስትጠይቃቸው፣ «አምና በዚህ ሰሞን ቀብረሽኝ አልነበር? ዘንድሮ ደግሞ አረፍ በይ» አሏት። እሷም አረፍ ለማለት ሞከረች።

የመጸዳጃ ቤቱ የሴቶች ክፍል ከተሸጠ ቆይቷል። አሁን ግድግዳው ተፈልፍሎ መስኮት ወጥቶለት ሻይና አይስክሬም ይሸጥበታል። ቴጊድ ልጋብዛችሁ ብሎ ሦስቱም ከመስኮቱ ፊት ቆሙ።

«እዚህ አካባቢ መጸዳጃ ቤት አለ ወይ?» ብላ ሞርቪድ ሻጯን ልጅ ጠየቀቻት።

«ይሄ ራሱ ነበር» አለች ልጅቱ ወተት እየቀዳች።

«እዚያ የቆምሽበት ቦታ ላይ ሚስቴ ስንት ጊዜ ተሰልፋለች» አሏት ኤምሪስ።

«ሽማግሌ ሁሉ ይህንኑ ነው የሚለኝ። አንዱማ ሻዩን ከቀመሰ በኋላ አሁንም ድሮ የሚወጣው ነገር ነው የሚወጣው ብሎኛል።»

«እናንተ የት ነው የምትሄዱት ታዲያ?» አለች ሞርቪድ።

«እኛ አንሄድም። እስከ ማታ እንይዛለን።» ይህን ስትል አልሳቀችም። «ባቡር ጣቢያው ጋ አንድ አለ፣ ዳገቱን ወጥታችሁ። ካልዘጉት።»

ከባሕሩ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ውሃው ሸሽቶ አሸዋው ራቁቱን ቀርቷል። ቴጊድ የራሱን ሻይ ሲጠጣ የሽማግሌውን እጅ እያየ ነበር። ኤምሪስ ትልቁን ብርጭቆ በሁለት እጃቸው አቅፈው ይሞቁታል እንጂ ወደ አፋቸው አያስጠጉትም። ጥቂት ቆይተው ጥግ ላይ ካለው የአበባ ገንዳ ሥር ቀስ አድርገው ደፉት።

«ምነው፣ አልጣፈጠዎትም?» አለ ቴጊድ።

«የሹፌር ሕግ ነው ልጄ። ከቤት ከወጣህ ቤት እስክትገባ አትጠጣም። እናትህን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ተሳፋሪ ሞልቶ ቆሞ እየጠበቀ አንተ ጫካ ለጫካ አትሮጥም። አፍህን ትዘጋለህ፣ የቀረው ራሱ ይዘጋል።»

«አውቃለሁ ጋሽ ኤምሪስ። በዚህ ሕግ ምክንያት እናቴ ኩላሊቷን ታማ ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ተኝታለች።»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ እሱ መለሱ። «ግዌኒት? እኔ አልሰማሁም።»

«ማን ይነግርዎታል? ስለዚህ ነገር አይወራም ብለው ያስተማሯትም እርስዎ ነዎት።»

ይህ ቃል ከበድ ያለ ነበር። ቴጊድም ከአፉ እንደወጣ ደነገጠና አንገቱን ደፋ። ኤምሪስ ግን አልተቆጡም፤ ባዶውን ብርጭቆ ወንበሩ ጫፍ ላይ አስቀመጡ። ስለ መብላት ቀኑን ሙሉ ማውራት ጨዋነት ሆኖ፣ የተበላውና የተጠጣው መውጫ እንደሚፈልግ መናገር ግን ነውር የሆነበት አገር አንድ ብቻ አይደለም። ነውሩ ግን ሰው መግደል እንደሚችል የሚያስብ ጥቂት ነው።

«ስማ» አሉ ኤምሪስ። «ድሮ እኮ አሁን እንዳለው አልነበረም። በዚህ መንገድ ላይ ያሉትን መጸዳጃ ቤቶች እንደ ጓደኞቼ አውቃቸው ነበር። ድልድዩ አጠገብ አንድ፣ መስቀለኛው መንገድ ላይ አንድ፣ ጸሎት ቤቱ ኋላ አንድ። የድልድዩን አንድ ሠዓሊ ገዝቶት ሥዕል ይሸጥበታል። የመስቀለኛውን በድንጋይ ደፍነውታል። የጸሎት ቤቱ ፈርሶ አበባ ተተክሎበታል። ቦታው ከሌለ መከልከል ነው እንጂ ምን ታደርጋለህ?»

«ይጠይቃሉ። ሱቅ ገብተው፣ ሻይ ቤት ገብተው ይጠይቃሉ።»

«እንዲሁ?»

«እንዲሁ።»

«አይሆንም። ሻይ ቤት ከገባሁ መጀመሪያ ሻይ አዛለሁ። ያዘዝኩትን ሻይ ትቼ መውጣት ደግሞ ማባከን ነው፣ እጠጣዋለሁ። ከጠጣሁት ደግሞ ገና ጥጉን ሳልዞር…»

«ሌላ ሻይ ቤት» አለ ቴጊድ እየሳቀ።

«ሌላ ሻይ ቤት። አንድ ጊዜ ከእሷ እናት ጋር እንዲህ እያልን ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ጨርሰነዋል። ባሕሩን ሳናየው መሸ።»

ሞርቪድም ሳቀች። ነገር ግን ሳቋ ቶሎ አለቀ። «እኔ እኮ ጠይቄያለሁ አባባ» አለች። «ልጄ ትንሽ ሳለች፣ ያ ነጭ ካልሲ ያደረገች ቀን። ሁለት ቦታ ገባሁ። ለደንበኞች ብቻ ነው አሉኝ። ሦስተኛው በር ሳንደርስ መንገዱ ላይ አመለጣት። ሰው ሁሉ አይስክሬሙን ይዞ ያያታል።»

«ልጅ ናት። ይደርቃል» አሉ ኤምሪስ።

«ልብሱስ ደርቋል። እሷ ግን እስከዛሬ ከቤት ስትወጣ ውሃ አትጠጣም። እርስዎን ነው የመሰለችው። እኔም ብሆን ከዚያ ወዲህ ጠይቄ አላውቅም።»

ቴጊድ ግን ሌላ ነገር ላይ ነበር ያተኮረው። «ጋሽ ኤምሪስ፣ እግርዎ እንዲህ ካበጠ ቆይቷል?»

«የባሕር አየር ነው።»

«ለልብዎ ክኒን ይወስዳሉ?»

«እወስዳለሁ። አንዷ ነጭ አለች፣ ውሃ የምታስወጣው። እሷን ከዋጥክ እስከ ምሳ ሰዓት ከቤት መውጣት የለም። እየተመላለስክ ነው።»

«ዛሬ ውጠዋታል?»

ኤምሪስ ባሕሩን አዩ። «ዛሬ የጉዞ ቀን ነው።»

«ትናንትስ?»

«ትናንት በጀልባ ወደ ደሴቱ ሄደን ነበር።»

«ከትናንት ወዲያ?»

«እሁድ ገበያ አለ እዚህ…» አሉና ድምፃቸው ቀነሰ።

ሞርቪድ የሚቀጥለውን መልስ አልጠበቀችም። ቤታቸው ሳሉ ኤምሪስ የሚወጡት አልፎ አልፎ ነበር፤ አንድ ቀን ቢዘሉ በማግስቱ ይውጡታል። ዕረፍት ላይ ግን ሁሉም ቀን የጉዞ ቀን ነው። ከቤት ከወጡ ጀምሮ ያችን ክኒን አልነኳትም ማለት ነው። የምትፈራውን ነገር ሁሉ ዘርዝራ ብትጨርስም ይህ አልመጣላትም ነበር። ጎርፍ ፈርታለች፣ እሳት ፈርታለች፣ የጀልባውን መገልበጥ ፈርታለች፤ አባቷ ሽንት ቤት ማጣትን ፈርተው ራሳቸውን ቀስ በቀስ ያሰጥማሉ ብላ ግን አላሰበችም።

«አባባ» አለች። «ለዚህ ነው ወንበር ላይ ቁጭ ብለው የሚተኙት?»

«እሺ፣ ነገ ቤት ስንገባ እውጣለሁ። ሳምንት ነው። በሳምንት ማን ሞቷል?»

«ብዙ ሰው» አለ ቴጊድ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሰው ላለማስደንገጥ እንደሚጠነቀቅ ሰው ቀጠለ። «ልብዎ ደክሟል። ውሃውን ገፍቶ ማስወጣት ያቅተዋል። ያች ክኒን ናት የምታግዘው። እሷ ከሌለች ውሃው እግር ላይ ይጠራቀማል፣ ከእግር ሆድ ይደርሳል፣ ከሆድ ሳንባ ይገባል። ቁጭ ብለው የሚተኙትም ሲተኙ ትንፋሽ ስለሚያጥርዎት ነው። አለመጠጣትዎም ያለውን ውሃ አያወጣልዎትም፤ ኩላሊትዎን ነው የሚጎዳው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? እዚህ ድረስ መጥቼ ካራቫን ውስጥ ልቀመጥ?»

«የለም። ሐኪምዎን ወይም ፋርማሲውን ቢጠይቁ ሰዓቷን ያዛውሩልዎ ነበር። ለብዙ ሰው ይደረጋል፤ ከመንገድ ሲመለስ ከሰዓት በኋላ ይውጣል። አሁን ግን ያ ጊዜ አልፏል። ዛሬውኑ ሐኪም ማየት አለብዎት።»

«እንዲህ ያለውን ነገር ማንን ብዬ ነው የምጠይቀው? ያችን የፋርማሲ ልጅ፣ የልጅ ልጄን የምታህለውን፣ ስለ ሽንቴ ላዋያት?»

«እሷ እኮ ለዚህ ነው የተማረችው። እኔም።»

«እናንተ ዘመናችሁ ነው» አሉ ኤምሪስ። ቁጣ የለባቸውም፤ ደክሟቸዋል። «ሁሉን ትናገራላችሁ። ልጄ፣ ሰው ሲያረጅ መንጃ ፈቃዱን ይወስዱበታል። ሚስቱን ይቀብራል። መሰላል አትውጣ ይሉታል። በመጨረሻ የምትቀረው፣ ማንንም ሳትለምን ወጥተህ መግባት ናት። እሷን ነው የያዝኩት።»

ቴጊድ ሻዩን ወንበሩ ላይ አስቀመጠ። «እርስዎ አይደሉም የያዟት ጋሽ ኤምሪስ፤ እሷ ናት እርስዎን የያዘችዎ» አለ። «ከወንበር ተነሥተው አልጋ ላይ እንዳይተኙ፣ ሻይ እንዳይጠጡ የከለከለችዎ እሷ ናት።»

ተነሡ። ሐሳቡ ዳገቱን ወጥተው፣ ሞርቪድ ጣቢያው ጋ ያለውን መጸዳጃ ቤት ተጠቅማ፣ ከዚያ በታክሲ ወደ ሐኪም መሄድ ነበር። ኤምሪስ ሐኪሙን እሺ ያሉት ክርክሩን ለመዝጋት ያህል ነው። ዳገቱ ለጤነኛ ሰው ከዳገት የሚቆጠር አልነበረም። ግማሹ ላይ ሲደርሱ ኤምሪስ ግንብ ተደግፈው ቆሙ። ደረታቸው እንደ ወናፍ ይነፋል፤ ትንፋሹ ግን ወደ ውስጥ የሚገባ አይመስልም።

«ትንሽ… ልረፍ» አሉ። ወዲያው ፊታቸው ተለወጠ። ሞርቪድ ልጇ ትንሽ ሳለች ፊቷ ላይ ያየችውን ነገር አባቷ ፊት ላይ አየች። «ሞርቪድ፣ ዞር በይ» አሉ። «እዚህ ግንቡ ጥግ…»

ቀኑ ጠራራ ነው፤ መንገዱ በቱሪስት ተሞልቷል። ከግንቡ ቀጥሎ ያለው ቤት የሴቶች ጸጉር ቤት ነበር። መስታወቱ ላይ «መጸዳጃ ቤት የለንም፣ አትጠይቁ» የሚል በእጅ የተጻፈ ካርቶን ተለጥፏል። ሞርቪድ ካርቶኑን አንብባ ካለችበት ቆመች። ቴጊድ ግን በሩን ከፍቶ ገባ።

«እመቤት፣ አንድ ሽማግሌ አሟቸዋል፤ መጸዳጃ ቤት ይፈልጋሉ» ሲል ተሰማ።

«ካርቶኑን አላየህም?» አለ የሴት ድምፅ። ከዚያ ደግሞ፣ «የታሉ? አስገባቸው፣ ምን ቆመህ ታየኛለህ?»

የጸጉር ቤቱ ባለቤት ሎውሪ የምትባል ወፍራም ሴት ናት። ማበጠሪያዋን ጥርሷ ላይ ነክሳ ሽማግሌውን በብብታቸው ይዛ አስገባቻቸው። «በጓዳው በኩል፣ በስተግራ። በሩ ይጠብቃል፤ ትከሻ ስጡት።»

የጸጉር ማድረቂያ ካስክ ሥር የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ራሳቸውን ብቅ አደረጉ። «ኤምሪስ ነህ? የአውቶቡሱ? አንድ የገበያ ቀን እያየኸኝ ጥለኸኝ ሄደሃል።»

ኤምሪስ ቸኩለው አለፉ። ደርሰው ነበር፤ ግን ሙሉ በሙሉ አልደረሱም። ሲመለሱ ኮታቸውን ከፊት አጣምረው ይዘው፣ ግድግዳውን እየዳሰሱ ወጡ፤ ሱሪያቸው እስከ ጉልበታቸው ጠቁሯል።

ሎውሪ አንድ ትልቅ ፎጣ ከመደርደሪያው ስባ ወገባቸው ላይ ጠመጠመችላቸው፤ ጸጉር ሊቆረጥ የመጣ ሰው እንደምታለብስ ዓይነት ነበር፣ ሳትቸኩል፣ ሳታፍር። «እዚህ ቤት የማይጠፋ ነገር ፎጣ ነው» አለች። «ይቀመጡ።»

አሮጊቷም ካስካቸው ሥር ሆነው፣ «እኔም ባለፈው ዓርብ ፋርማሲው በር ላይ አመለጠኝ» አሉ፤ ስለ አየር ጠባይ የሚያወሩ ይመስል ነበር። «ከዚያ ወዲህ የምወጣው እዚህ ብቻ ነው። ሎውሪ ታስገባኛለች።»

ቴጊድ ግን የኤምሪስን ጥፍር እያየ ነበር። ሰማያዊ ሆኗል። ከንፈራቸውም እንዲሁ። ስልኩን አውጥቶ አምቡላንስ ጠራ። የከተማው አምቡላንስ ሌላ ጥሪ ላይ ነበር፤ እስኪመጣ መጠበቅ ነበረባቸው። ሞርቪድ ከአባቷ ፊት ተንበርክካ እጃቸውን ያዘች። ያ ሁልጊዜ የሚመጣባት ፍርሃት አልመጣም። ሲጠበቅ የኖረ እንግዳ እንደገባ፣ በውስጧ ጸጥ አለ።

ኤምሪስ የሚያወሩት ቃል በቃል እየቆራረጡ ነበር። «ይህቺ… ካርቶን» አሉ ወደ መስታወቱ።

ሎውሪ ተሸማቀቀች። «ምን ላድርግ? አንዱን ካስገባሁ ከባሕሩ ዳር ያለው ሁሉ ይመጣል። አሸዋውን፣ ልጁን፣ ውሻውን ይዞ። ሥራዬን ትቼ እሱን ሳጥብ ልዋል? ማዘጋጃ ቤቱ ዘግቶ ለእኔ ይተወዋል?»

«ልክ ነሽ» አሉ ኤምሪስ። «እነሱ ናቸው የዘጉት።» ትንፋሽ ወሰዱ። «ግን ካርቶኑን… የማነበው እኔ ነኝ። እነሱ አያነቡትም።»

ሎውሪ ይህን ሰምታ ቆመች። ብዙ ሰዎች ተከራክረዋት ያውቃሉ፤ ሰድበዋትም ያውቃሉ። እንዲህ ብሎ የነገራት ግን አልነበረም። ሄዳ ካርቶኑን ላጠችው። ሙጫው ከመስታወቱ ላይ አልለቅ ብሎ ነጭ ምልክቱ ቀረ።

ሆስፒታሉ ከዳገቱ ማዶ፣ ባሕሩ ከማይታይበት በኩል ነው። ኤምሪስ በኦክስጅንና በመርፌ በሚሰጥ መድኃኒት ሌሊቱን አልፈው በማግስቱ ትንፋሻቸው ተመለሰ። ቴጊድ ነጭ ጋውኑን ለብሶ በምሳ ዕረፍቱ ሊያያቸው ሲመጣ፣ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠው አገኛቸው። የመጸዳጃ ቤቱ በር ከአልጋቸው እግርጌ ነው።

«አየህ፣ በመጨረሻ የሚመች ከተማ አገኘሁ» አሉት በሩን እያመለከቱ።

ነርሷ በትንሽ የፕላስቲክ ኩባያ ውሃ አመጣችላቸው። ጠጡትና ጨምሪልኝ አሏት። «ለዛሬ ይኸው ነው ጋሼ፤ ዶክተሩ ውሃዎን ለክቶታል» አለቻቸው።

ኤምሪስ ባዶውን ኩባያ እያዩ ሳቁ፤ ሳቁ ሳል ሆነ። «ዕድሜዬን ሙሉ ከጉሮሮዬ ከለከልኩት። ማንም አላዘዘኝም። አሁን እሺ ልጠጣ ስል በስፍር ሆነ።» ከዚያ ወደ ቴጊድ ዞሩ። «ልጄ፣ ተረትተሃል ልልህ ፈልጌ ነበር። አልተረታህም። እኔ ነኝ የተረታሁት።»

«አይበሉ ጋሽ ኤምሪስ።»

«ስማኝ። ጡረተኛ ሹፌሮች በወሩ መጀመሪያ የሚሰበሰቡበት ክበብ አለ። እናትህ ትሄዳለች። ንገሪልኝ በላት። ሁሉም እንደ እኔ ናቸው፤ ሁሉም ያችን ነጭ ክኒን በጉዞ ቀን ኪሳቸው ይዘዋት ይዞራሉ፣ ወይ ቤት ጥለዋት ይወጣሉ። አትዝለሉ ትበላቸው፤ ሰዓቷን አዛውሩልኝ ብላችሁ ጠይቁ። የምትጠይቁት ልጅ ለዚህ የተማረ ነው። ውሃ ጠጡ። ሲመጣባችሁ የመጀመሪያውን በር አንኳኩ። በማፈር የምታመልጡት ኀፍረት የለም፤ ሁሉንም ሱሪዬ ላይ አገኘሁት።»

«እነግራታለሁ።»

«ማዘጋጃ ቤቱን ደግሞ በየስብሰባው ጠይቁ። አይከፍቱትም፤ እኔ እያለሁም አይከፍቱትም፣ ካለፍኩም በኋላ አይከፍቱትም፤ ይህን አውቃለሁ። ቢሆንም ተነሥታችሁ ሽንት ቤት በሉ፤ አፋችሁን ሞልታችሁ። መጸዳጃ የሌለበት ከተማ ሽማግሌ አይመጣበትም፣ ነፍሰ ጡር አትመጣበትም፣ ልጅ የያዘ ሰው ምሳውን ሳይበላ ይመለሳል። ለነጋዴውም ኪሳራ ነው። ቢከፈት ግን ሰው እስከ ማታ ይቆያል፣ ይበላል፣ ይጠጣል። ያች ኪዮስክ ውስጥ ያለች ልጅም እስከ ማታ አትይዝም። ሞርቪድ፣ አንቺም ልጅሽን ንገሪያት። ውሃ ትጠጣ።»

«እነግራታለሁ አባባ» አለች ሞርቪድ።

ቴጊድ ተሰናብቶ ወጣ። ሞርቪድ በሩ ድረስ ሸኝታው ስትመለስ ዶክተሯ ኮሪደሩ ላይ አስቆመቻት። አነጋገሯ ትሑት ነበር። ልባቸው ከተጎዳበት የሚመለስ አይመስለኝም አለች። ወደ ቤት ይገቡ ይሆናል፤ የብርዱን ወራት ማለፋቸውን ግን ቃል ልገባልሽ አልችልም አለች። ሞርቪድ የሚቀጥለውን ጥያቄ አልጠየቀችም፤ የሰማችው ሁሉ ቀደም ብላ በሐሳቧ የሰማችው ነበር። ሲነገራት ግን ሌላ ሆነ።

ወደ አልጋው ስትመለስ አባቷ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። የተኙ መስሏት ወንበሯን በቀስታ ስትስብ ተናገሩ።

«ያን ደሴት ገና አልጠገብኩትም» አሉ። «ከትናንት ወዲያ ስንሄድ ልቤ ከወደቡ ሽንት ቤት ዝግ በር ላይ ነበር እንጂ ወፎቹን አላየሁም። በመጪው መስከረም እንመጣለን፣ አይደል?»

ሞርቪድ ዕድሜዋን ሙሉ ያልተጠየቀችውን ክፉ ነገር ስትናገር የኖረች ሴት ናት። አሁን ተጠይቃለች፤ መልሱንም ታውቀዋለች።

«እንመጣለን» አለች። «ክኒንዎን በጊዜው ይውጣሉ። እኔ በየበሩ እየገባሁ እጠይቃለሁ።»

«አይ» አሉ ኤምሪስ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «የምጠይቀው እኔ ነኝ። አንቺ አጠገቤ ትቆሚያለሽ።»

«እሺ አባባ» አለች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው መልሳ ቆየች።